የትርሲት ቅዳሜ

ስለማይረሳ ሰው የሚጽፍ ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው ሟችን ነው። የእኔዋ ግን አልሞተችም። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መንገድ ዳር ቆማ የሠራተኛ ሰርቪስ ትጠብቃለች። ባለፈው ሳምንት እንኳ ጎሮ ላይ ታክሲ ስትሳፈር አይቻታለሁ። ፀጉሯን አሳጥራዋለች፣ ትንሽም ከስታለች። አላየችኝም። አይታኝ ዝም ብላም ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ብታደርግ አልፈርድባትም። ስሟ ትርሲት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጓደኛዬ ነበረች፣ አሁን አይደለችም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

የተዋወቅነው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በሚገኝ አንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ነው። እኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ እሷ የሰነድ ክፍሉ ነባር ሠራተኛ። ሥራችን ወደ ውጭ አገር የሚላከውን አበባና ሥጋ ወረቀት ማሟላት ነበር። አንድ ማኅተም ከጎደለ ጭነቱ ይቀራል፣ አበባ ደግሞ እስከ ነገ ልጠብቅ አይልም። የመጀመሪያ ቀኔን ለማሳመር ብዬ ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምቼ መጋዘንና ቢሮ ስመላለስ አረፈድኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ትርሲት ወንበሯን ወደ እኔ ጎተተችና፣

"እግርሽን አምጪ" አለችኝ።

"ምን?"

"እግርሽን። ከጠዋት ጀምሮ ስታነክሺ እያየሁሽ ነው።"

"ኧረ ይቅር፣ ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የራሱ እግር አለው" አለችና ጫማዬን አውልቃ እግሬን ጭኗ ላይ አደረገችው። ውስጥ እግሬን በአውራ ጣቷ እያሸች የክብደት ወረቀት እንዴት እንደሚሞላ ታስረዳኝ ጀመር። ቢሮው ውስጥ የነበሩት ስድስት ሰዎች ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። ለካ የሁሉም እግር በየተራው እዚያ ጭን ላይ አርፎ ያውቃል። እኔ ካደግሁ ወዲህ እናቴ እንኳ እግሬን ነክታው አታውቅም። ዕንባዬ መጣብኝና ሳቅ አስመስዬ አሳለፍኩት።

ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ጎርናና ነበር። ስትስቅ ጠረጴዛውን በመዳፏ ስለምትመታው ማኅተሞቹ ይዘላሉ። ሰው ስታናግር እጁን ካልያዘች ነገሩ የገባው አይመስላትም። የድርጅቱን ሰው ሁሉ ትወድ ነበር፤ ለጥቂቶች ግን የተለየ መጠሪያ ነበራት፤ "የኔ ሰው" ትላለች። "ቆይ፣ የኔ ሰው እየደወለ ነው።" "ይችን ሻርፕ ለኔ ሰው ነው የገዛኋት።" መጀመሪያ ላይ ስለ አንድ ሰው የምታወራ መስሎኝ ነበር። እያደር ግን ሁለት መሆናቸውን፣ የሰርቪስ ሹፌራችን ጌታሁንና ጎረቤቷ ዘሃራ መሆናቸውን አወቅሁ፤ በዓመቱ ደግሞ እኔም ተጨመርኩና ሦስት ሆንን።

እያንዳንዳችን ቀን ነበረን። ቅዳሜ የጌታሁን፣ እሑድ የዘሃራ፣ ማክሰኞ የእኔ። ለሠርግም ሆነ ለክርስትና ብላ ቀን አትቀይርም። የክፍል ኃላፊያችን ቅዳሜ ሲያገባ ስጦታውን አርብ ዕለት ሰጥታው ቀረች፤ ሰውየው ዓመት ሙሉ አኮረፋት። እኔም ቀኔ ሲነገረኝ ደስ አላለኝም።

"ቅዳሜና እሑድን ለሌላ አድለሽ ለኔ ማክሰኞ? ማክሰኞ ደግሞ ምን የሚሉት ቀን ነው?"

"ማክሰኞን ማንም አይሻማሽም፤ ሙሉውን ላንቺ" አለችኝ እየሳቀች።

እውነትም ሙሉውን ሰጠችኝ። ከሥራ ስንወጣ ሃያ ሁለት ሰፈር ሄደን አንድ ኬክ ቤት ፎቅ ላይ እንቀመጣለን። ነገ ጾም ነው እያልን ኬክ እንበላለን፣ ስልኳን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፣ እኔ አወራለሁ። ከባሌ ጋር ስንጣላ፣ ልጄ ትምህርት ሲሰንፍብኝ፣ እናቴ ስትታመም፣ ሁሉም ነገር የሚነገረው ማክሰኞ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ የነገርኳትን አንድ ቃል ሳትረሳ "ታዲያ ሐኪሙ ምን አለ?" ብላ ትጀምራለች። እኔ ስለ እሷ ያን ያህል ጠይቄያት አላውቅም፤ ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ግን ጠይቄአታለሁ። "ለመሆኑ ማንንም ወደሽ አታውቂም?"

"አንቺን እወድሻለሁ።"

"እንደሱ ማለቴ አይደለም። እንቅልፍ ያሳጣሽ፣ ልብሽን ድው ያደረገው ሰው?"

ሹካዋን አስቀመጠችና እጄን ያዘችኝ። "ገንዬ፣ ሰዎች ስለሱ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ፊልም ላይም አያለሁ። እኔ ጋ ግን የለም። ተጎድቼ አይደለም፣ የከዳኝም ሰው የለም። ድሮ የነበረኝ ነገር ቢሆን ጠፋብኝ እል ነበር፤ እኔ ግን ስፈጠርም አልነበረኝም።"

"አይከፋሽም?"

"የሚከፋኝ ሰው ሲያዝንልኝ ነው። እኔ ሰው ሞልቶኛል እኮ! ከማን አንሼ?"

የዘሃራ ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ደግሞ ይህ ነገር በፈረንጅ አፍ ስም እንዳለው ነገረቻት። አሮማንቲክ ይባላል፤ እንደሷ ያሉ ሰዎች ቴሌግራም ላይ ተሰባስበው ይጻጻፋሉ። ትርሲት ማክሰኞ ዕለት ስልኳን ሳትዘጋ መጥታ ይህን አነበበችልኝ። "ስም ስላለው ደስ ብሎኛል" አለችኝ፤ "ወንድሜ ቢሰማ ግን ስሙን እንደያዝኩ ጠበል ነው የሚከተኝ።" ማኅተም ባይኖርም ጠረጴዛውን መታችው። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ያለችውን ግን አላመንኳትም። ሰው እንደዚህ ሊፈጠር ይችላል የሚለው ነገር ሊዋጥልኝ አልቻለም።

ዘሃራ የደሴ ሰው ናት፤ እዚያው አራብሳ፣ ከትርሲት ሕንፃ ሥር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። ባሏ በመኪና አደጋ ሲሞትባት ትርሲት ትራሷን ይዛ ወረደችና አርባ ቀን ሙሉ ከዘሃራ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኛች። ከዚያ ወዲህ አንዷ ያንዷን የቤት ቁልፍ ይዛ ነው የምትኖረው። በረመዳን ሳምቡሳ የምትጠብሰው ትርሲት ናት፤ በሁዳዴ ደግሞ ዘሃራ ሽሮ ስትሠራ ሥጋ የነካውን ድስት ለይታ ታስቀምጥላታለች። ስለ ሁለቱ ማንም ክፉ አያወራም ነበር። ሴትና ሴት ጎረቤት ሲዋደዱ የሚገርመው የለም።

የሚወራው ስለ ጌታሁን ነበር። ጌታሁን ከአራብሳ ወደ ቦሌ የሚያመላልሰን የሰርቪስ ሹፌር ነው፤ ዕድሜው አርባ አምስት አካባቢ፣ ያላገባ፣ አፉን ለመክፈት የሚሳሳ ዓይነት ሰው። ትርሲት ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከሱ ጎን ነው። እሷ ስታወራ እሱ መንገዱን እያየ ፈገግ ይላል፤ ከኋላ ያለነው ደግሞ እየተያየን እንጠቃቀሳለን። ቅዳሜ ከሰዓት አብረው በእግራቸው ይንሸራሸራሉ፣ ከዚያ አንድ ቦታ ቁጭ ይላሉ። አንድ ቅዳሜ ሃያ ሁለት ለራሴ ጉዳይ ሄጄ በአንድ ካፌ መስታወት አየኋቸው። ትርሲት ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። እሱ እንዳትነቃ ሳይንቀሳቀስ በአንድ እጁ ብርቱካን ለመላጥ ይታገላል። ቆሜ ሳያቸው ቆየሁና "ይኸው! እኔን ማታለል?" አልኩ ለራሴ። ትርሲት የነገረችኝን ሁሉ በዚያች ደቂቃ ውሸት አደረግኩት።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ኖሮ ሐሜት ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ትርሲት ታመመች። ትርፍ አንጀት ነው፣ አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ተባለ። ሦስታችንም ሆስፒታል በር ላይ ተገናኘን፤ ዘሃራ ሱቋን ዘግታ፣ ጌታሁን ሰርቪሱን ለጓደኛው ሰጥቶ፣ እኔ ከቢሮ። አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ወጣችና "የትርሲት ቤተሰብ?" ስትል ሦስታችንም ተነሳን።

"ምኗ ናችሁ?"

ዘሃራ "ጎረቤቷ" አለች። እኔ "የሥራ ባልደረባዋ" አልኩ። ጌታሁን ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለ።

"የሥጋ ዘመድ ወይ ባል የላትም? የሚፈርም ነው የምፈልገው።"

ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ሽመልስ ለሥራ አዳማ ነበር። እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ጌታሁን ግድግዳውን ተደግፎ እንደቆመ ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር። ትርሲት ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላት በሰላም ወጣች፤ ስትነቃም መጀመሪያ ያለችው "ሦስታችሁም መጥታችሁ ነበር አሉ" ነው። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። ለሷ ያ ቀን የሰው ሀብታም መሆኗን ያየችበት ነው። ለእኔ ግን "ምኗ ናችሁ?" የሚለው ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ባል ቢኖራት ኖሮ እያልኩ ወር ሙሉ ሳብሰለስል ከረምኩ።

ሌላም ነገር ነበር፤ አሁን መደበቁ አይጠቅመኝም። እኔ ተደግሶልኝ፣ ተጨፍሮልኝ፣ ሚዜ ተደርድሮልኝ ነው ያገባሁት። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ስታነክሺ አየሁሽ ብሎኝ አያውቅም። እሷ እንዲህ ያለ ነገር ሁሉ ሳይኖራት ሦስት ሰው የሚሯሯጥላት ሆነች። ብታገባ እንደኛው ትሆናለች የሚል ሐሳብ ውስጤ አልነበረም ብል እዋሻለሁ።

ስለዚህ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጌታሁን አጎት ቤት ሄድኩ። ጋሽ ተሰማ ይባላሉ፤ ጌታሁንን አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ጎሮ ነው ቤታቸው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸውና እንዲህ አልኩ፦

"ጋሼ፣ ልጅዎና ጓደኛዬ ይፈላለጋሉ። እሱ አፍሮ ነው የማይነግርዎት። እሷም ሽማግሌ ቢመጣ ደስ ይላታል፤ በኔ በኩል የላከችውም ይህንኑ ነው።"

የመጨረሻውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ጋሽ ተሰማ ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ደወሉልኝ። "ጠርቼ ነገርኩት" አሉኝ፤ "አንገቱን ደፍቶ ቀረ። አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚህ በላይ ምን እንዲል ፈልገሽ ነው?" ጌታሁን በአጎቱ ፊት እምቢ ብሎ የማያውቅ ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔም ይህንኑ ተማምኜ ነው መጀመሪያውኑ ወደ አጎቱ የሄድኩት።

ሽማግሌዎቹ አራት ነበሩ። እሑድ ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው ገርጂ፣ ጋሽ ሽመልስ ቤት ገቡ። እኔ አስቀድሜ ከጋሽ ሽመልስ ሚስት ጋር ተመካክሬ ጓዳ ነበርኩ፤ ትርሲትም ወንድሟ ለምሳ ጠርቷት በመንገድ ላይ ናት። ተቀመጡ ሲባሉ እንደ ወጉ "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ። ከዚያ ጋሽ ተሰማ ጉዳዩን አቀረቡ። ወጉ ቢሆን የልጅቷ ቤተሰብ ተማክረን መልስ እንሰጣለን ብሎ ቀጠሮ መስጠት ነበረበት። ጋሽ ሽመልስ ግን የእህቱ አርባ አንድ ዓመት መሙላት ዕንቅልፍ የነሳው ሰው ነው። ተነስቶ "ሰጥተናል! እግዜር ያክብርልን፣ ሰጥተናል!" አለ። ሚስቱ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ተቀበልኳት።

ትርሲት በሩን ከፍታ የገባችው በዚያ እልልታ መሐል ነው። አንድ እጇ ላይ ፌስታል ሙዝ ይዛለች። ሽማግሌዎቹን አየች፣ ጋሽ ተሰማን አወቀቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀምጣ አራቱንም በየተራ ጎንበስ ብላ ሳመች። ወንድሟ ሲነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"አባቶቼ" አለች፣ ድምፅዋ ከወትሮው ቀጥኖ፤ "ስላደከምኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ማንንም አላገባም። ጌታሁን ግን ጓደኛዬ ነው። ከዚህ ቤት ስትወጡም ጓደኛዬ ሆኖ እንዲቀጥል እለምናችኋለሁ።"

ጋሽ ሽመልስ "አንቺ!" ብሎ ተነሳ። ጋሽ ተሰማ በእጃቸው አስቀመጡትና ቀስ ብለው እንዲህ አሏት፦ "ልጄ፣ እምቢ ማለት መብትሽ ነው። ግን ሽማግሌ የመለስሽበትን ወንድ ጓደኛዬ ብለሽ ይዘሽ አትዞሪም። ከዛሬ በኋላ ለሱም ለአንቺም ነውር ነው።" ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ትርሲት በሩ ድረስ ተከትላ ሸኘቻቸው።

እኔን የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። "ታውቂ ነበር?"

"ጋሽ ሽመልስ ለምሳ ጠርቶኝ ነው የመጣሁት" አልኳት። አመነችኝ። ትርሲት የኔ ሰው ያለችውን ሰው ትጠረጥራለች ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

በሳምንቱ አራብሳ ሁሉ ሰማ። ጌታሁን መስመር እንዲቀይሩለት አመልክቶ ወደ ሌላ ሰርቪስ ተዛወረ፤ አዲሱ ሹፌር ከጎኑ ቦርሳውን ስለሚያስቀምጥ ትርሲት ከኋላ ከእኛ ጋር መቀመጥ ጀመረች። ጌታሁን አልደወለላትም፤ እሷም አልደወለችለትም። እሷ ሽማግሌ የላከው እሱ ነው ብላ ታስባለች። እሱ ደግሞ አጎቱ በነገሩት መሠረት፣ በእኔ አስልካ ሽማግሌ ያስመጣችው እሷ ናት፣ በሰው ፊት ያዋረደችውም እሷ ናት ብሎ ያስባል። አንዱ አንዱን ለመጠየቅ ይሉኝታ ያዘው። ሁለቱንም ነገር የማውቀው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ስልክ ደውዬ "እኔ ነኝ ያደረግሁት" ብል ያልቅ ነበር። ይህን ካልኩ ግን ማክሰኞዬ እንደሚቀር አውቃለሁ። ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ።

ከዚያ የባሰው መጣ። አንድ ማክሰኞ ኬኳን ሳትነካ ቁጭ ብላ "ገንዬ፣ ቅዳሜ ይከብደኛል" አለችኝ። "ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ባልሽን አስፈቅደሽ ቅዳሜን ከኔ ጋር ታሳልፊልኛለሽ?"

እሺ አልኩ። ደስም አለኝ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል፣ ግን ደስ ብሎኛል። ከእሑድ በስተቀር የትርሲት ቀኖች ሁለቱም የእኔ ሆኑ። እነሱ ይሄዱበት በነበረው መንገድ አብሬያት ሄድኩ። እየተራመድን ሳለ ነጭ ሰርቪስ ባለፈ ቁጥር ሹፌሩን ቀና ብላ ታያለች። ዘሃራ አንድ ቀን ሱቋ ውስጥ ጨርቅ እየለካች "ይህች ልጅ ሐዘን ላይ ናት እኮ፤ ሰው እንደሞተባት ነው የምትሆነው። ያን ሰውዬ እንዲያው አንዳችን ብናናግረው?" ብላኝ ነበር። "ጊዜ ይስጣቸው፣ ይሻላል" አልኳት። ሁለት ዓመት እንደዚህ አለፈ።

ጌታሁን የሞተው ሐሙስ ዕለት ነው። ደም ግፊት እንደነበረበት ማንም አያውቅም። መኪናውን ጠዋት ሲያሞቅ መሪው ላይ ተደፍቶ ተገኘ አሉ። የሰማነው ቢሮ ውስጥ ነው። ትርሲት የያዘችውን ወረቀት ጨርሳ ሞላችው፣ ማኅተም አደረገችበት፣ ከዚያ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

በማግሥቱ ከቀብር መልስ ድንኳኑ የተተከለው ጎሮ፣ ጋሽ ተሰማ ደጅ ነበር። ስደርስ ትርሲት ከበሩ አጠገብ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ከፊቷ ያሉ ሁለት ሴቶች ዞር እያሉ ያይዋታል። "እምቢ ያለችው ያቺ ናት። ምን አመጣት?" ሲሉ እሷም ሰማች እኔም ሰማሁ። ተነስታ ወጣች፤ ተከተልኳት። የሹፌር ጓደኞቹ ያቆሟቸው ሰርቪሶች መንገዱን ሞልተውት ነበር። አንዱን መኪና ተደግፋ ቆመች።

"ገንዬ፣ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ" አለችኝ። "ጌታሁን እንደኔ ነበር።"

"እንዴት እንዳንቺ?"

"እንደኔ። እሱም ጋ የለም። ዕድሜውን ሙሉ ምን ጎደለኝ እያለ ሲያፍር የኖረውን ለእኔ ነገረኝ። አጎቴ እንዳይሰማ፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎ አስማለኝ። እንደኔ ያለ ሰው ፈረንጅ አገር ነው ያለው ስል በየቀኑ አጠገቤ ሆኖ መኪና ሲነዳ ነበር።" ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "ሽማግሌ ሲልክ ጊዜ ታዲያ፣ ያ ሁሉ ለማባበል ነበር አልኩ። ዋሽቶኛል አልኩ። ለምን ብዬ እንኳ ሳልጠይቀው ሞተ።"

ያኔ ነገርኳት። ለጋሽ ተሰማ ያልኩትን፣ "እሷም ደስ ይላታል" ማለቴን፣ ጌታሁን ከአጎቱ ፊት ዝም ማለቱን፣ ጓዳ ሆኜ መጠበቄን፣ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጄን ይዛ እንደነበር ያወቅኩት ስትለቀው ነው።

"ለሱስ ነግረሽዋል?"

"አልነገርኩትም።"

"ስንት ቅዳሜ አብረን ሄድን?"

መልሴን ሳትጠብቅ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። ከበሩ ሆኜ አየኋት፤ በሰዎቹ መሐል አልፋ ጋሽ ተሰማ እግር ሥር በርከክ አለችና ጆሯቸው ላይ ረዘም አድርጋ አወራቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህን አንቺ ብትይኝ ማን ያምንሻል?" ሲሉ ሰማኋቸው። "እሷ ራሷ ትምጣና በሰው ፊት ትናገረው። ያኔ ከልጆቼ ጋር ትቀመጫለሽ።"

ትርሲት ወደ በሩ መጣች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር።

"ገነት" አለችኝ። ገንዬ አላለችም። "አንድ ጊዜ ግቢና ተናገሪው። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። እንዳለቅስለት ይፍቀዱልኝ።"

ድንኳኑ ውስጥ የመሥሪያ ቤታችን ሰው ግማሹ ተቀምጧል። ኃላፊያችን አለ። ዘሃራም አለች፤ ባሌ ከኋላዬ ሊመጣ በመንገድ ላይ ነው። "እሺ፣ ልጄ ደውሎ ነው፣ አንዴ አናግሬው ልምጣ" አልኳት። ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ማንም ሳያናግረኝ እያወራሁ፣ በሰርቪሶቹ መሐል አልፌ ዋናው መንገድ ወጣሁ። መገናኛ የሚል ታክሲ ቆሞ ነበር፤ ገባሁበት።

ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። እኔም መሥሪያ ቤት ቀየርኩ። ዘሃራን አንድ ቀን ገበያ አግኝቻት፣ ሰላምታዬን ሳትመልስ ይህን ብቻ ነገረችኝ፤ የጌታሁን አርባ ሲወጣ ትርሲት ሄዳ ነበር፣ በሩ ላይ አስቁመው መለሷት። የጌታሁን ዘመዶች ዛሬም በሟቹ የተጫወተች ሴት ናት ይሏታል።

ትርሲት ይህን ታነበው እንደሆነ አላውቅም፤ ጋሽ ተሰማም ዓይናቸው ደክሟል ይባላል። ምናልባት ከዘመዶቻቸው አንዱ ያነብላቸው ይሆናል። ጌታሁን ሽማግሌ አልላከም፤ ትርሲትም አስልኪልኝ አላለችኝም። የላክኋቸው እኔ ነኝ።